ለንብ የተላከ ሽማግሌ

ባለቤቴ ዓምሃ በዕድሜው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። መጀመሪያ ለእኔ፣ ኋላ ደግሞ ለንብ። ለእኔ በላከ ጊዜ የንቦቹን ያህል አልተጨነቀም፤ ይህንን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፣ እሱም አይክድም።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ እኛው ግቢ ውስጥ ነው። እኔ የሺ እባላለሁ። ዓይኔ ሳይደክም በፊት ዊንጌት አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ዓምሃ ደግሞ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሚጨብጠው መሪ ስላጣ እኔንና ግቢውን መንዳት ጀመረ። እኔ አልነዳም አልኩ። ግቢው ግን አፍ የለውም፣ ዝም ብሎ ተነዳ።

ከግቢው ሁሉ የሚኮራው በዱባው ነው። ዘሩን ያመጡት እናቱ ናቸው፣ እማማ፤ ከቡልጋ ሲመጡ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው። ዱባው ትልቅ አይደለም። ልጣጩ አመድማ ነው፣ ሥጋው ግን እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፤ ሲቀቀል ውሃ ውሃ የማይል፣ ድርቅ ያለ፣ ስኳር የገባበት የሚመስል። ገበያ ወርዳችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። እማማ ሊሞቱ ሲሉ ዓምሃን አስጠርተው "ይቺን አታጥፋት" ብለው ያስረከቡት ይህንኑ ዘር ነው። ሰፈሩ ሁሉ የእማማ ዱባ ይለዋል። ዓምሃ በየዓመቱ ለመስቀል ለጎረቤት ያድላል፤ ሲያድልም ስለ ፍግ አጠቃቀሙ ንግግር ያደርጋል። ዱባውን የፈለገ ሰው ንግግሩን ቆሞ መስማት አለበት።

በአጥር የምንዋሰነው ዱጉማ ይባላል። አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤት አለው። አባቱ በሱሉልታ በኩል ንብ ያነቡ ነበርና እሱም ቀኑን ጎማ ሲለጥፍ ይውልና ማታ ቀፎው ሥር በርጩማ አስቀምጦ ይቀመጣል። በእኛና በእነሱ መሀል የነበረው አጥር ሰንሰል ነበር፤ ነጭ አበባ የሚያወጣ፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ አበባውን እየነቀለ የሚመጥጠው። በመሀሉ ግራዋ በቅሎበታል፣ ሐረግ ተጠምጥሞበታል፣ ወፍ አይጠፋውም። ቀፎው በዱጉማ በኩል ካለች ወይራ ላይ ነበር የተሰቀለው።

ጠቡ የመጣው በሽቶ ነው። የዓምሃ የእህቱ ልጅ ስታገባ አባቷ በሕይወት ስለሌለ የአባትን ቦታ ይዞ የሚናገረው እሱ ሆነ። በሠርጉ ጠዋት አዲስ ሽቶ ገዝቶ አንገቱን፣ ጆሮውን፣ ከረባቱን ሳይቀር ነክሮ ወጣ። ንብ ደግሞ ሽቶ አትወድም። በሩ ጋ ሳይደርስ የላይኛውን ከንፈሩን ነደፈችው። የንግግሩ ሰዓት ሲደርስ ከንፈሩ አብጦ አልገጥም አለው። "ውድ ሙሽሮች" ሊል ፈልጎ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በማይክራፎን "ውድ ውሾች" አለ። ይኸው ቪዲዮ ላይ አለ። ዘመድ ሁሉ በየስልኩ ይዞት ይዞራል።

ዓምሃ ከዚያ ቀን ወዲያ ንብ አላይም አለ። በእድር ስብሰባ ላይ ተነስቶ ስለ ሕዝብ ደህንነት ተናገረ። የእድራችን ዳኛ፣ መሳይ የሚባለው፣ ሰላም ወዳድ ሰው ነው፤ ነገር እንዳይበረታ ብሎ ዱጉማን ለመነው። ዱጉማም አልተከራከረም። ቀፎውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከእንጦጦ ጀርባ ወንድሙ ዘንድ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሲያገኘን "እንደምን ዋላችሁ" ይላል፤ ድሮ ግን ስለ ጤናችን፣ ስለ ልጃችን፣ ስለ ጣሪያችን ሳይቀር ነበር የሚጠይቀው።

ዓምሃ በዚህ ቢበቃው ጥሩ ነበር። "የነፍሳት መሸሸጊያ ነው" ብሎ ሰንሰሉን አስነቀለ። ግራዋውን አስቆረጠ። በቦታው ቆርቆሮ አቆመና አረንጓዴ ቀለም ቀባው። "ይኸውልሽ አረንጓዴ ልማት" አለኝ፣ ብሩሹን እንደያዘ። ከዚያ ደግሞ ከአሽረፍ ሱቅ ፍሊት እያመጣ ጠዋት ማታ መርጨት ጀመረ። በአንድ እጁ መቁጠሪያ፣ በሌላው ፍሊት ይዞ ግቢውን ሲዞር ላየው ሰው ጸሎቱ ለማን እንደሆነ ግራ ይገባው ነበር።

ግቢያችን ጸጥ አለ። ወፏም ሄደች፣ ቢራቢሮዋም ሄደች። "አየሽ ሰላም ሲወርድ" አለ ዓምሃ። ለእኔ ግን ሰው የሌለበት ቤት ይመስል ነበር።

በዚያው በጋ ሌላም ጥፋት ጨመረ። ኳስ ሲያይ የሚቆረጥመው አጥቶ ለዘር ካስቀመጠው የዱባ ፍሬ ላይ እየዘገነ ይቆላ ጀመር። "ተው፣ ዘር ነው" ስለው "ዱባው በየዓመቱ ያፈራ የለ" ይለኛል። ያ ሁሉ ኳስ ሲያልቅ የቀረው እፍኝ አይሞላም ነበር። ግንቦት ሲገባ እሷኑ ጠራርጎ ተከላት። ቤት ውስጥ አንዲት ዘር እንኳ አልተረፈም።

ልጃችን ቤዛዊት ያረገዘችው በዚያ ክረምት ነው። ከባሏ ከቶማስ ጋር ዊንጌት ነው የሚኖሩት፤ ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እህል አልረጋላት አለ። እንጀራው ይመለሳል፣ ሾርባው ይመለሳል፣ ውሃው ሳይቀር ይመለሳል። ሐኪሟ ኪኒን ሰጠቻት፤ ክብደት ካልጨመርሽ አስተኛሻለሁ አለቻት። የሚያስጎመጃት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"የእማማን ዱባ ነው ያማረኝ" አለች፣ ለማስታመም ካመጣናት ወዲህ እኛ ቤት ሶፋ ላይ ተጋድማ።

ቶማስ ምስኪን አዲሱ ገበያ ያለውን ዱባ ሁሉ ተሸክሞ አመጣ። አንዱንም ሆዷ አልተቀበለውም። ውሃ ውሃ ይላል፣ አለች። አማረኝ ያለች እርጉዝ ደግሞ አምሮቷ ሳይወጣላት መቅረት የለበትም፤ ይህ በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ዓምሃ ደረቱን ነፋ።

"ለመስቀል ይደርሳል" አላት። "የአባትሽ ዱባ አሳፍሮት አያውቅም።"

ነሐሴ ላይ ዱባው አበባ በአበባ ሆነ። ግቢው ቢጫ ለብሶ ሲታይ ዓምሃ ጎረቤት እየጠራ ያሳይ ነበር። ታዲያ ከአበባው ሥር የጣት ጫፍ የምታህል ዱባ ብቅ ትልና ጥቂት ቆይታ ትጠወልጋለች፤ ከዚያ ትረግፋለች። አንዷ ረገፈች። ሌላዋም ረገፈች። ፍግ ጨመረ፣ ጸበል ረጨ፣ ቅጠሉን በጣቱ እየዳበሰ አነጋገረው። ምንም።

ቤዛዊት ስልኳን ስትነካካ ቆይታ "አባዬ" አለችው፣ "ዱባ ወንድ አበባና ሴት አበባ አለው አሉ። የወንዱን ዱቄት ለሴቷ የሚያደርስላት ይፈልጋል።"

"ፍልሰታ ነው፣ ቤዛ" አላት ተቆጥቶ። "እንዲህ ያለ ወሬ በጾም አይወራም።"

ነገሩ የተገለጠልኝ ያኔ ነው። የእኛ ዱባ የሚያብበው በፍልሰታ ነው። አበባው ጎህ ሲቀድ ይከፈትና ረፋድ ላይ ይዘጋል። ዓምሃ ደግሞ በፍልሰታ ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቅዳሴ ሳይወጣ አይመለስም። እና በየዓመቱ እሱ ቆሞ ሲያስቀድስ የዱጉማ ንቦች አጥሩን ተሻግረው ሥራውን ይጨርሱለታል። ከሰዓት ሲመጣ ዱባው ፍሬ ይዟል። እሱም አንዴ ጸሎቴ ነው ይላል፣ አንዴ ፍጌ ነው ይላል። ያ ሁሉ የመስቀል ንግግር ትዝ ሲለኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

"ምን ያስቅሻል?" አለኝ።

"የፍጉ ንግግርህ" አልኩና ያሰብኩትን ነገርኩት።

አኮረፈ። አኮረፈ ግን አልረሳውም። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት በስልኩ መብራት ዱባው ውስጥ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። አበባው ገና አልተከፈተም፤ እሱ ግን ሰዓት ደርሶበታልና በአውራ ጣቱ ሊከፍተው ይታገላል። ያ ስንት ዘመን መሪ የጨበጠ እጅ አበባውን ለሁለት ቀደደው። እኔ እንዳላግዘው እኔም አስቀዳሽ ነኝ፤ ቤዛዊትን ደግሞ የአበባው ሽታ ብቻ ያስመልሳት ነበር። ጾሙ ከተፈታ በኋላ የዶሮ ላባ ይዞ ከአበባ አበባ ሲል ሰነበተ። አንዷ የያዘችለት መስሎን ነበር፤ ዝናብ ሲደጋገምባት እሷም በሰበሰች።

አዲስ ዓመት ገባ። ሐረጉ ጫፍ ጫፉን መድረቅ ጀመረ፣ አዲስ የሚወጣው አበባም አነሰ። ዓምሃ ማታ ማታ መደቡ ጫፍ ላይ ቆሞ የረገፉትን ይቆጥራል። የፍጉንም ንግግር ተወው፤ አንጀቴን በላው።

"እማማ ይቺን አታጥፋት ነበር ያሉኝ" አለኝ አንድ ቀን። "ከቡልጋ እዚህ ድረስ ያመጡትን እኔ ኳስ እያየሁ በላሁት፣ የሺ።"

"ያባረርካቸውን መልሳቸዋ" አልኩት።

"ዓይኔን በጨው አጥቤ?"

"በጨውም በሳሙናም እጠብ። ወይ ደግሞ አንተ ካፈርክ ሽማግሌ ላክ።"

እኔ እየቀለድኩ ነበር። እሱ ግን ኮቱን ደርቦ ወጣ።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች የክት ልብሳቸውን ለብሰው የዱጉማን በር አንኳኩ። አንዱ የእድሩ ዳኛ መሳይ ነው፤ ንቦቹን ካስወጡት አንዱ እሱ ስለሆነ መመለሱም የእሱ ድርሻ ነው ተባለ። ሁለተኛው ፍሊቱን የሚሸጠው አሽረፍ ነው። ሦስተኛው አቶ ጀቤሳ ናቸው፤ ጢማቸው ነጭ ስለሆነ በሰፈሩ ሽምግልና ሁሉ ይጠራሉ። እኔ ቀድሜ ገብቼ ከዱጉማ ሚስት ከሃዊ ጋር ማድ ቤት ምስር እለቅማለሁ። በሩን ገርበብ አድርገን ጆሯችንን ጣል አድርገናል። ዓምሃ ሙሽራ ነውና አይመጣም፤ በራሱ ግቢ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ ያዳምጣል። ቆርቆሮ ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም፣ ትንሽ ሲደገፉት ይንኳኳል። ዱጉማ ሰምቶታል። እንደሰማ ያወቅነው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ነው።

"ተቀመጡ እንጂ" አለ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ ጀቤሳ።

መሳይ ጉሮሮውን ጠረገ። በሌላ ቀን ዱጉማን "አንተ" ነው የሚለው። "አቶ ዱጉማ" አለ፣ "ከተከበረ ቤት ተልከን ነው የመጣነው። ልጆችዎን ለዚያ ቤት እንዲሰጡን ልንለምን ነው።"

"የእኔ ልጆች ወንዶች ናቸው" አለ ዱጉማ።

"ክንፍ ያላቸውን ማለታችን ነው" አለ አሽረፍ።

ሃዊ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። እኔ የለቀምኩትን ምስር ካልለቀምኩት ጋር ደባለቅሁት። ዱጉማ ግን ፊቱን አልፈታም።

"የሚጠይቀው ማነው?"

"ጋሽ ዓምሃ ናቸው።"

"ጋሽ ዓምሃ በእድር ፊት አደገኞች ናቸው ብለዋቸው የለ?"

"ያን ጊዜ ልጅነትም ነበረበት" አሉ አቶ ጀቤሳ።

"ያን ጊዜ ያሉት ባለፈው ዓመት ነው።"

"ሰው በአንድ ዓመት ይበስላል እኮ" አሉ ጢማቸውን እያሻሹ።

የቀልዱ ድምፅ ከዱጉማ አፍ ጠፋ። "ልስጥ እንበል። የት ሊያኖሯቸው ነው? ምን ሊያበሏቸው ነው? ቆርቆሮ? ንብ በአንድ አበባ አትኖርም። ሰንሰሉ ሲያርፍ ግራዋው ያብባል፣ ግራዋው ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ አንዱ ሲያጣ አንዱ እያበላቸው ነው ዓመቱ የሚሞላው። ጋሽ ዓምሃ ያንን ሁሉ ነቅለው ዱባቸውን ብቻ አስቀሩ። ዱባዋም እኮ የኖረችው በእነዚያ ነበር።" ከዚያ ወደ ወጉ ተመለሰ። "ለማንኛውም ከዘመድ ልማከር። በሚመጣው እሁድ ተመለሱ።"

ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀኑ እሺ አይባልም፤ ወጉ ነው። ይህንን ዓምሃም ያውቃል፣ የእኔ አባት ስንቴ እንዳመላለሰው አይረሳውም። ግን ቆርቆሮው ድብልቅልቁ ወጣ።

"እስከ እሁድ አበባው አይቆይም!" አለ ድምፁ ከወዲያ።

"ሙሽራው ዝም ይበል" አሉ አቶ ጀቤሳ።

ሙሽራው ዝም አላለም። በበሩ ዞሮ መጣ። ቁምጣና የቤት ጫማ አድርጓል፣ ጉልበቱ ላይ የዱባ ቅጠል ተለጥፏል። ሽማግሌዎቹን አልፎ ዱጉማ ፊት ቆመ።

"ዱጉማ" አለ፣ "የእናቴ ዱባ ሊያልቅ ነው። አንዲት ዘር የለኝም። ልጄም እየከሳችብኝ ነው። አንተንም ያስቀየምኩህ እኔ ነኝ። ሰው ሲስቅብኝ ጊዜ ንዴቴን ባንተ ተወጣሁ።"

ማድ ቤት ውስጥ ሃዊ እጄን ያዘችኝ። በትዳራችን ዓምሃ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ለእኔ ሽማግሌ የላከ ጊዜ እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጫማውን ነበር የሚያየው።

ዱጉማ ወደ መሬት አየ። "እማማ እኔ ስጋባ ዱባ ተሸክመው መጥተው ነበር" አለ። "የከተማ ዘመድ የለህም ብለው። ጣዕሟ አሁንም አፌ ላይ አለ።" ከዚያ ቀና አለ። "እንግዲህ ጥሎሹ ይምጣ። ቆርቆሮው ይውረድ፣ ሰንሰሉ ይተከል። ፍሊት ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ግቢ አይገባም።"

"ለጋሽ ዓምሃ ፍሊት አልቋል" አለ አሽረፍ። "ለዘላለም ነው ያለቀው።"

"ሽቶም ቢቀንሱ" አለ ዱጉማ።

ያን ዕለት ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ኮታቸውን አውልቀው መሰላል ያዙ፣ ዓምሃ አረንጓዴ ልማቱን ምስማር በምስማር ነቀለ። አቶ ጀቤሳ ከገዛ አጥራቸው ሰንሰል ቆርጠው አመጡ፤ ሰንሰል ቆርጠው የሰኩት እንደሆነ ይበቅላል። ንቦቹ በማግስቱ ማታ በፒክአፕ፣ ቀፎአቸው በጋቢ ተሸፍኖ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ድሮው ወይራቸው ተመለሱ። ዓምሃ በር ላይ ቆሞ ተቀበላቸው። ራቅ ብሎ ነበር የቆመው፣ ግን ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ከዱባው ፈንጠር ብሎ ይቀመጣል። ንቧ አበባው ውስጥ ገብታ ወፍጮ ቤት እንደዋለ ሰው ዱቄት ለብሳ ስትወጣ "በርቺ" ይላታል ቀስ ብሎ። ከቀሩት ጥቂት አበቦች አንዷ ያዘች። ጠበቅናት። አልጠወለገችም፣ አልረገፈችም። እንደ ሎሚ፣ ከዚያ እንደ ብርቱካን ሆነች። ከእሷ በቀር ሌላ አልያዘም፤ ብርዱ መጥቶ ሌላው ሐረግ ደረቀ።

ጥቅምት ላይ ቤዛዊት ፊቷ ላይ አጥንቷ ይታይ ጀመር። ዱባዋ መጠኗ ደርሷል፣ ግን ገና አረንጓዴ ነች። አንድ ቀን ዓምሃ ቢላ ይዞ ሲወጣ አየሁትና ተከተልኩት።

"አሁን ብቆርጣት ልጄ ትበላለች" አለኝ። "ዘሯ ግን ለጋ ነው፣ አይበቅልም። በዚሁ ያልቃል ማለት ነው።"

"ምን ታደርጋለህ?"

"እናቴ ይቅር ይሉኛል። ልጅ ነበራቸው፣ ያውቁታል።" ጎንበስ ብሎ ግንዷን ያዘ። አልከለከልኩትም፤ የእኔም ልጅ ነች።

"አባዬ፣ ተዋት" አለች ቤዛዊት ከበሩ። ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። "ዛሬ ለጋዋን አበላኸኝ እንበል። ነገ ልጄ የእማማ ዱባ አማረኝ ስትልህ ምን ልትላት ነው?"

"አንቺ እየከሳሽ?"

"እችላለሁ። ትብሰል።"

እንዴት እንደምትችል እኛ አላወቅንም ነበር። ያወቀችው ሃዊ ነች። ከቀፎው የተቆረጠ አዲስ ማር በለብ ያለ ውሃ በጥብጣ በአጥሩ ክፍተት አቀበለችን። ቤዛዊት ጠጣች። ሁላችንም ባልዲውን አዘጋጅተን ስንጠብቅ አልተመለሰም። በዚያ ማርና በሐኪሟ ኪኒን እስከ ኅዳር ቆየች።

የነቢያት ጾም እንደገባ ዱባዋ አመድማ ሆነች። ወጡን እኔ ሠራሁት። ቤዛዊት ስትጎርስ ዓምሃ፣ ቶማስ፣ ዱጉማና ሃዊ ዙሪያዋን ተሰብስበው አፏን ያያሉ። "እንዲህ እያያችሁኝ እንዴት ልዋጥ?" አለች። ዋጠች። ደገመች። ሳህኑን በእንጀራ ጠረገችው። ዓምሃ ተነስቶ ወደ ጓዳ ሄደና ቆይቶ ተመለሰ።

ዘሩን አጥቦ፣ አድርቆ፣ እኩል ከፈለው። ግማሹን ለዱጉማ ሰጠው። "የንቦቹ ድርሻ ነው" አለው። እኔ ለሽማግሌዎቹም ትንሽ ትንሽ ስጣቸው ብዬው ነበር። "ቀስ በይ፣ የመጪውን ዓመት ደርሰንበት" አለኝ። ግንቦት ሲገባ ደግሞ የራሱን ድርሻ አንድ ሳያስቀር ተከለው። ሰው በአንድ ዓመት ይበስላል ያሉት አቶ ጀቤሳ ይህንን አላዩም።

የልጅ ልጃችን የተወለደችው መጋቢት ላይ ነው። ጉንጯ ሞልቶ፣ ክብልል ያለች ልጅ ነች፤ እኔ ዱባዬ ነው የምላት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ድግሱ እኛ ግቢ ሆነ። ሰንሰሉ ቅጠል አውጥቶ ጉልበት ደርሷል፣ የዓምሃ ዱባም በቅሎ ሁለት ሁለት ቅጠል ይዟል። ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንድ ነገር ሸተተኝ። ፎቶ አለ ብሎ ያንን ሽቶ ተቀብቷል።

"ዓምሃ" ከማለቴ ንቧ ቀደመችኝ። እዚያው ቦታ፣ የላይኛውን ከንፈሩን። እንግዳ ተቀብሎ ሳይጨርስ አብጦ ቁጭ አለ። አልተቆጣም። መሳይ "አሁንም እድር ልትጠራ ነው?" ሲለው ራሱን ነቅንቆ ወደ ቀፎው እያመለከተ "አዋቶቼ ናቸው" አለ። አማቶቼ ማለቱ ነው።

የእድሩ ድንኳን እንደ ልማዱ ዘግይቶ የመጣው ይሄኔ ነው። ተሸካሚዎቹ ቋሚውን ይዘው ቦታ ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ ዱባው መደብ አመሩ። ዓምሃ አያቸው። እጁን እያወናጨፈ "ዱባው! ዱባው!" ሊል ፈለገ፤ ከንፈሩ አልገጥም ብሎት "ዱዓ! ዱዓ!" አለ።

አሽረፍ ቁጭ ካለበት ተነስቶ መዳፉን ዘረጋ። አጠገቡ ያሉትም ዘረጉ። ድንኳን ተሸካሚዎቹም ትንሿ እየተመረቀች መስሏቸው እዚያው ዱባው ላይ ቋሚውን ጥለው፣ በሁለት እግራቸው ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። አሽረፍ ጥሩ ምርቃት መረቀ፣ ዕድሜ ይስጣት አለ፣ ሁሉም አሚን አሉ። አሚን ሲባል ከዱባው አንዲት ቅጠል ቀና ያለች አልነበረችም።

ሳቁ በረደ። ዓምሃ መደቡ ጫፍ ላይ ቆሞ የተደፈጠጠውን ያያል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቀልድበት አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

"ጋሽ ዓምሃ" አለ ዱጉማ ቀስ ብሎ። በአጥሩ ክፍተት በኩል፣ ሰንሰሉን በእጁ ገለጥ አድርጎ ቆሟል። "በእኛ በኩል ይምጡ። እማማ እዚህ ናቸው።"

ዓምሃ በክፍተቱ ሾልኮ ገባ። ተከተልኩት። ከወይራዋ ሥር፣ ከቀፎው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የዱጉማ ድርሻ በሙሉ በቅሏል፤ ሐረግ መዘርጋት የጀመረም አለበት። ዓምሃ በክት ሱሪው ተንበረከከና አንዷን ቅጠል በሁለት ጣቱ ያዛት። ንቦቹ በራሱ ላይ ሲመላለሱ እጁን እንኳ አላነሳባቸውም። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ቀና ብሎ አየኝና ከንፈሩን አሳየኝ፤ እንባው የንቧ ነው ሊለኝ ነው። እሺ አልኩት።